ውስጡ የጠቆረው ገል

ሰሞኑን የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ የቡታጅራ ሰፈራችንን መንገድ ሲቆፍሩ፣ ከአፈሩ ክምር ላይ አንድ የሸክላ ስባሪ አነሣሁ። ሥራውን የሚመራው ወጣት መሐንዲስ «አባባ፣ ደግሞ ገል ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። ገል ማንበብ እንደሚቻል እሱ ከየት ያውቃል?

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ በራሴ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ በወረራው ጊዜ ጣሊያን ሰፍሮ ሰው ያስርበት የነበረውን ጉብታ የሚያጠኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ስባሪ አጣቢ አድርገው ቀጠሩኝ። ብዙም ሳይቆይ ስባሪውን የምለየው እኔ ሆንኩ። ዘበኞቹ ይኖሩበት የነበረው ወገን በአረንጓዴ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ስባሪ የተሞላ ነው። እስረኞቹ የታጎሩበት ወገን ግን ጠርሙስ የሚባል የለም፤ የኛው ሸክላ ብቻ። ይህን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ኃላፊያችንም አልካደም።

ወሩ ጥቅምት ነበር። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ነፋሱን ሳይቀር ያቃጥለዋል። የሰፈራችን እማማ ከድጃ ከዓርብ ገበያ ሲመለሱ የምንቆፍረው ጉድጓድ አፍ ላይ ይቆማሉ።

«አንተ የጠርሙስ ሐኪም፣ ጣባዬን አላገኘህም?»

ወንድማቸው ሸምሱ በጣሊያን ጊዜ እዚያ ታስሮ ነበር። ጎኑ ተሰንጥቆ በቃጫ በሰፉት የሸክላ ሳህን፣ በጣባቸው፣ ቆጮና አይብ ወስደው ለበሩ ዘበኛ ሰጡ። በአገራችን ምግብ የሄደበት ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል። ጣባው ግን አልተመለሰም።

«ዘበኛው በላው አልኩ። ጠላት አልቀልብም ብዬ ዳግም አልሄድኩም» ብለውኛል። ሸምሱ ከዚያ አልወጣም። «ከጠርሙሶቹ መሃል ታገኘዋለህ» ይሉ ነበር ደጋግመው። ለምን እንደዚያ እንደሚመኙ ያኔ አልገባኝም።

አንድ ዓርብ ስንጥቁን ተከትሎ ግራና ቀኙ የተበሳ የጣባ ስባሪ ወጣ። ቃጫው በስብሷል፤ ቀዳዳዎቹ አሉ። እማማ ከድጃን ገና ከሩቅ ሳያቸው ሮጬ ሄድኩ።

«እማማ፣ ተገኘ!»

የበርበሬ ቋጠሯቸውን መሬት አስቀመጡ። «ከየትኛው ወገን?»

«ከእስረኞቹ! ደርሶታል! ደግሞ ውስጡን ይዩት። ጣባ እሳት ላይ አይጣድም፤ ቢጣድ እንኳ የሚጠቁረው ውጪው ነው። ይሄ የጠቆረው ከውስጥ ነው። ሲሰበርበት ፍም ይዞበት ይሞቅ ነበር። ያልመለሰው ለዚህ ነው!»

ዕውቀቴ ልቤን ሞልቶት እንዲያመሰግኑኝ ጠበቅሁ። እሳቸው አውራ ጣታቸውን በጥቁሩ ላይ ደጋግመው አሹት።

«በልቷል ማለት ነው?»

«በልቷል እንጂ!»

«ወላሂ…» አሉ። «እንግዲያ ሲጠብቀኝ ነበራ። ሌላ ይዤ እስክመጣ፣ በዚያ በዘቢዳር ተራራ ብርድ፣ ይቺን ታቅፎ ሲጠብቀኝ ነበራ።»

ገሉን መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚሄዱት ጉድጓዱን ዞረው፣ በላይኛው መንገድ ሆነ። ቋጠሯቸውን እዚያው ረስተውት ስለነበር ቤታቸው ወስጄ ሰጠኋቸው፤ አመሰገኑኝ፤ ስለ ጣባው ግን አላነሡም።

ንባቤ ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ ስህተት ያወጣበት የለም፤ ቢያወጣበት ግን ምንኛ ደስ ባለኝ።

የሰሞኑ መሐንዲስ ይህን ሁሉ ሳስብ አጠገቤ እንደቆመ ነበር። ስባሪውን ገለበጥኩት፤ ውስጡ ጠቁሯል።

«እሺ አባባ፣ ምን ይላል?»

«እኔ እንጃ» አልኩት። ስለ ገል ተጠይቄ ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ጥቁሩን ወደ መሬት ደፍቼ አፈር አለበስኩት።