የጠፋችው ሐሙስ

በማተሚያ ቤቱ «እትዬ እምቢ» ይሏታል። የሚሏት ከኋላዋ ነው። እሷ ግን ታውቃለች፤ ስሙንም አልጠላችውም። ሥራዋ አራሚነት ነው። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የሰው ስህተት ስትለቅም ሃያ ሰባት ዓመት ሞላት። በዚያ ቤት የቆየ ደንብ አለ፤ የአራሚው ፊርማ ያላረፈበት ወረቀት ማሽን ላይ አይወጣም።

ኮምፒውተሯ ከቤቱ ሁሉ አሮጌው ነው። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ በጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ድሮ የነበረ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው ያስተማራት። ሲ፣ ኤ፣ ኤል ብላ ሦስት ፊደል ትጽፍና የምትፈልገውን ዓመት ታስከትላለች። ወዲያው አሥራ ሁለቱ የፈረንጅ ወራት ከነቀናቸው ተደርድረው ከች ይላሉ። የቀን መቁጠሪያ ሥራ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ታቆምና በእርሳስ ጫፍ እየነካች ወር በወር ታስተያያለች።

«እማዬ፣ ስልክሽ ላይ እኮ አለ» ትላታለች ልጇ።

«ስልኩ አንዱን ወር አሳይቶ ሌላውን ይደብቃል። የሚደብቀኝን አላምንም።»

የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል አንድ ጤና ጣቢያ በእነሱው አቆጣጠር ስድስት ሺህ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አዘዘ። እናቶች የልጆቻቸውን የክትባት ቀን እንዲያከብቡበት ነው። ደንበኛው ሳምንቱ ከእሑድ ሳይሆን ከሰኞ እንዲጀምር ፈለገ። «ፈጣኑ» የሚባለው ዲዛይነር እሑድን ከፊት አንስቶ መጨረሻ ላይ ለጠፋት። የሌሎቹ ቀናት ስምም እያንዳንዱ አንድ ቦታ ወደፊት ተሳበ። ከሥራቸው ያሉትን ቁጥሮች ግን በነበሩበት ተዋቸው።

ወረቀቱ አራሚዋ ጋ ሲደርስ ኮምፒውተሯ ላይ ‹ከሰኞ ጀምር› የምትለውን አንዲት ምልክት ጨምራ ጻፈች። በስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው ወር ቁጥር አንድ ሐሙስ ሥር ተቀምጣለች፤ በወረቀቱ ላይ ዓርብ ሥር።

«ወንድሜ፣ ሐሙስን የት አደረስካት?» አለችው ፈጣኑን።

«የትኛዋን ሐሙስ?»

«ዘንድሮ የሚያልቀው ረቡዕ ነው። አንተ ደግሞ መጪውን ዓመት ዓርብ ታስጀምረዋለህ። መሀል ላይ የነበረችውን ምን በላት?»

ፈጣኑ በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ የቀድሞው ባለቤት ልጅ ነው። በልጅነቱ የወረቀት ጥቅልል ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ታውቀዋለች። አሁን ከራባት አስሮ፣ ወረቀቱን ይዞ ወረደ።

«እትዬ፣ ደንበኛው አይቶ ፈርሟል። እርስዎን ሳንጠብቅ ማሽኑ ላይ የሚገጠመውን ፕሌትም አውጥተናል። ነገ አስረክባለሁ ብያለሁ።»

«ሰውዬው የፈረመው ሥዕሉ አምሮት ነው። ቀን የሚቆጥር ደንበኛ አይተህ ታውቃለህ?»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእሱ ነዋ። እርስዎ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

«እምቢ።»

«አንድ ቀን እኮ ናት።»

«ዓመቱን ሙሉ ናት እንጂ። በአሥራ ሁለት ነይ የተባለች እናት ግድግዳዋን አይታ ‹ማክሰኞ ነው› ትላለች። ልጇን አዝላ ስትደርስ ቀጠሮዋ ሰኞ አልፏል። ጥፋቱ የደንበኛው ነው ብለህ አንተ ትነግሪያታለህ?»

አለች፤ ከንዴቷ የተነሳ አንተንና አንቺን ቀላቀለችው። እሱ አልሳቀም።

«በእርስዎ ቦታ መፈረም አያቅተኝም።»

«ፈርም። ግን ሙሉ ስምህን ጻፍበት፤ እንዲነበብ አድርገህ።»

እስክሪብቶውን አወጣ። ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ከነገ ጀምሮ ጥረዛ ክፍል ነዎት። ደብዳቤ ይደርስዎታል።»

ቀዩን እስክሪብቶዋን አነሳችና አሥራ ሁለቱንም ወራት ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዘቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ የተሰረዘውን ወረቀት ይዞ ወደ ማሽን ክፍል ገባ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የማሽኒስቱን ድምፅ ሰማችው። ሰውየው ማሽኑ ጆሮውን ስላደከመው የሚናገረው ሁሉ ጩኸት ነው።

«ጌታው፣ እዚህ ላይ የማየው ቀይ ነው። ፊርማ አላየሁም። ፊርማ ሲመጣ ቀስቅሱኝ።»

የዚያን ቀን ማሽኑ ዝም እንዳለ ዋለ።

ማታ ልጇ ነገሩን ስትሰማ አዘነች። «ጡረታሽ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ምን አለበት ብትፈርሚ?»

«ፊርማዬ ጡረታ የሚወጣው ከእኔ ጋር ነው» አለች እናቷ፤ ወደ መኝታዋም ሄደች። እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

ጠዋት ደብዳቤውን ተቀብላ መነጽሯን ይዛ ጥረዛ ክፍል ገባች። ሙጫ የሚሸት ክፍል ነው፤ ወገብ የሚደግፍ ወንበር እንኳ የለውም። ሁለት ቀን የተማሪ ደብተር ስትጠርዝ ዋለች። ቀና ብሎ ያያት ሁሉ ቶሎ አንገቱን ይደፋል፤ እሷ አልደፋችም።

በሦስተኛው ቀን የቀን መቁጠሪያው ወረቀት ገና ቀለሙ እየሸተተ በጋሪ መጣ። ማንም አላዘዛትም፤ አንዱን አንስታ ወር በወር አየችው። የመጀመሪያው ወር ቁጥር አንድ ሐሙስ ላይ ነበረች። አሥራ ሁለተኛውን ወር ጨርሳ ስታስቀምጥ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ፕሌቱን እንደገና አወጣነው። ደንበኛውንም ቀን ጨምርልኝ ብዬ ለመንኩት። ወደ ክፍልዎ ይመለሱ፣ እትዬ።»

«በደብዳቤ ነው ያወጣኸኝ። በደብዳቤ መልሰኝ።»

«እኔው ራሴ መጥቼ እየነገርኩዎት?»

«ስታወጣኝም አንተው ነበርክ። ምክንያቱንም ጻፍበት፤ ‹አልፈርምም ስላለች› ብለህ።»

እሱ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ ነው። እሷ የሚቀጥለውን ወረቀት ሳበች።