ያለ ውኃ የዋልንበት ምርመራ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የያዙኝ ከሱቄ ደጃፍ ነው። ከድንበር ማዶ ላሉ ተቃዋሚዎች ወረቀት ታመላልሳለህ አሉኝ። ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ላብና ሽንት ይሸታል። በዚያው ክስ የተያዙ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

ሽማግሌው ውኃ አይጠግቡም። ጠጥተው ሳይቆዩ በሩን ያንኳኳሉ፤ ሽንት ቤት ውሰዱኝ ይላሉ። አስከሪው፣ ጠባቂያችን ማለቴ ነው፣ ሰለቸው።

"ያስመስላል። እንደ ሌላው አንድ ኩባያ ይበቃዋል" አለ።

ሐኪም ይየው ተባለና ሆስፒታል ወሰዷቸው። ዐረብኛ ስለማውቅ እኔንም አስከተሉኝ። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት።

"ነገ ከንጋት ጀምሮ ውኃ አይቅመሱ፤ ከሰዓት በኋላ ሽንታቸውን እንለካለን" አለች። "ደኅና ኩላሊት ውኃውን ያስቀራል፤ ሽንቱ ይወፍራል። የታመመ ከሆነ ቀጥኖ ይወጣል። ከደከሙ ቶሎ አምጧቸው።"

ተረጎምኩላቸው።

"እሞክራለሁ ልጄ" አሉ።

በማግስቱ ክፍሉ ጋለ። የመጣልኝን ውኃ መለስኩት።

"አንተ ምን ሆነህ ነው? ጠጣ እንጂ!"

"አልጠማኝም አባባ።"

እንደዋሸሁ ገብቷቸዋል። ስለ ሰሊጥ ያወሩኝ ጀመር፤ ሳይፈነዳ ካልታጨደ እንዴት መሬት ላይ እንደሚረግፍ። ቀትር ላይ ምላሳቸው ከበደና ዝም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል መለሱን። ላቦራቶሪ ውስጥ ሽንታቸውን በብርጭቆ ቀድተው ተንሳፋፊ መለኪያ ጣሉበት። መለኪያው ዘቀጠ፤ ሽንቱ ቀጭን ነው።

"ተደብቆ ጠጥቷል!" አለ አስከሪው።

"አብሬያቸው ነበርኩ። እኔም አልጠጣሁም፤ የእኔን ለኩት" አልኩ።

የእኔ ሻይ መስሎ ወጣ። መለኪያው ከፍ ብሎ ተንሳፈፈ። ሐኪሟ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆመች።

"ኩላሊታቸው ነው። ውኃ ከከለከላችኋቸው ይሞታሉ።"

አስከሪው በጣሳ ውኃ አምጥቶ መሬት ላይ አኖረና በጫማው ወደ ሽማግሌው ገፋው። እሳቸው አላነሡትም።

"በእጁ እንዲሰጠኝ ንገረው" አሉኝ።

ነገርኩት። ሐኪሟ ልታነሣው ጎንበስ ስትል አስከሪው ቀደማት። አንሥቶ አቀበላቸው።

"ሹክረን" ብለው አመሰገኑት። ከዚያ ጠጡ።

ኋላ ወደ ጋላባት ወሰዷቸው። ድንበሩን አሻገሯቸው ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው የለም። እኔ ተፈትቼ እዚሁ ገዳሪፍ ቀረሁ። ስለ እስሩ የሚጠይቁኝ ሰዎች ዱላና ጩኸት ይጠብቃሉ። ይህን ስነግራቸው "ይኸው ነው?" ይሉኛል።

ይኸው ነው እላቸዋለሁ። ሌላውን ለማውራት ጉልበቱ የለኝም።