በጭድ የሞላሁት ጉራች

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በየመንደሩ በሚዞርበት ወቅት ነው። ዛሬም ቆቦ ስሄድ «ለውሻ ያለቀሰችው» እያለ የሚያነሳብኝ አለ። አጋኖ የሚያወራው ሰው ስለበዛ እኔው ራሴ ልናገረው ብዬ ጻፍኩት። አዎ፣ ለውሻ አልቅሻለሁ።

ቤታችን ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ከጓሮው ጀምሮ ማሽላ ነው። እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ እኔና ታናሽ ወንድሜ ካሱ ብቻ ነበርን። ከእኛ ሌላ ጉራች አለ። ጥቁር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሰው የማያስጠጋ ውሻ። አብዮት ጠባቂዎቹ ለስብሰባ ሲጠሩን እንኳ ከአጥር ውጭ ቆመው ነበር የሚጮኹት። የአንደኛውን ባት ዘንጥሎት ያውቃላ!

ማሽላው ማዘርዘር ሲጀምር ጉራችን እባብ ነደፈው። ጭንቅላቱን እግሬ ላይ አድርጎ ሞተ።

በአገራችን ላም ጥጃዋ ሲሞትባት ቆዳው ይገፈፍና በጭድ ተሞልቶ፣ ጨው ተነስንሶበት ፊቷ ይቀመጣል። እሱን እየላሰች ትታለባለች። ይህን ሥራ ከእናቴ ተምሬ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ጉራችን ጎትቼ ለጅብ ልጥለው ስነሳ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እንደ ጥጃ አደረግሁት። ቆዳውን በጨውና በአመድ አሽቼ ጥላ ውስጥ አደረቅሁ፣ የጤፍ ጭድ ሞላሁና በወስፌ ሰፋሁት። አንገቱ ትንሽ ተጣሞብኛል። ቢሆንም አገጩን እግሮቹ ላይ አስተኝቼ፣ ዓይኑን ከድኜ፣ እንደ ድሮው ደጃፉ ላይ አስቀመጥሁት።

መንደሩ ጉድ አለ። ጥጃ ሌላ፣ ውሻ ሌላ! ውሻ የገፈፈች ሴት እኛ አገር ታይታ አትታወቅም። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች በደጄ ማለፍ ትተው መንገድ ቀየሩ። የነፍስ አባቴ መጥተው «ይህን ርኩስ ተደጅሽ አንሺ» ብለው ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱን ሰገድኩ። ጉራችን አላነሳሁም።

ከሁሉም የከበደኝ የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ ነገር ነበር። አንድ ልጃቸው ሰይድ በምልመላ ተወስዶ ቀርቷል። አብሮት የዘመተ አንድ ቁስለኛ፣ ሰይድ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ ብሏል። ቀበሌው ግን ትንፍሽ አላለም። መርዶ ስላልተነገራቸው ለቅሶ አልተቀመጡም።

«አንች ልጅ፣ አላህን አትፈሪም?» አሉኝ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል። «ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ለውሻ ታለቅሻለሽ? እኔ ልጄን የማለቅስበት አጥቼ!»

ቃላቸው አጥንቴ ድረስ ገባ። እኔም ግን ግትር ነኝ። «እትዬ፣ ለሰይድም አልቅሻለሁ፣ ለጉራችም አለቅሳለሁ። ተማንም እንባ አልተበደርኩም» አልኳቸው። ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን ተቋረጠ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ካሱ ቁርሱን እየበላ ሳለ ጠብመንጃ የያዙ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ከፊት የሚመራቸው ያ ጉራች የነከሰው ሰውዬ ነው። ለምን እንደመጡ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ውሻሽን እሰሪ!»

የጉራችን መሞት አልሰሙም። መንደሩ በሙሉ ሲያማኝ የከረመበትን ወሬ ለእነሱ ያደረሰላቸው የለም። ማን ደፍሮ ከእነሱ ጋር ያወራል?

«እሺ፣ ሰንሰለቱን ላምጣ» ብዬ ገባሁና ካሱን በጓሮ በር ገፍቼ አስወጣሁት። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል። ዞብል ተራራ ሥር አጎታችን ስለነበር ወዴት እንደሚሄድ አልነገርኩትም፣ ያውቀዋል። የቸገረኝ ጊዜ ነበር። ቶሎ ከገቡ ይደርሱበታል።

ስመለስ ሰውዬው ጉራችን አትኩሮ እያየ ነው። «ይሄ ውሻ ምነው ዝም አለ?» አለ። ዞር ሲል እትዬ ዘሃራን በራቸው ላይ ቆመው አያቸው። «እትዬ፣ ይሄ ውሻ ደህና ነው?»

«ሞቷል» ካሉ ወንድሜ አለቀለት። ደግሞስ የእሳቸው ልጅ ሄዶ ቀርቶ የኔን ወንድም ለምን ያተርፉልኛል?

«እንዲህ ዝም ሲል ነው የሚከፋ» አሉ። «ሳታስሩት እንዳትጠጉ። ባለፈው ያደረገህን ረሳኸው?»

ለሁሉ ነገር ወላሂ የሚሉት ሴት ያን ቀን አልማሉም።

ሦስቱም ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። እኔ ሰንሰለቱ ጠፋኝ፣ ተገኘ፣ ተቋጠረብኝ እያልኩ ቆየሁ። በመጨረሻ ሰውዬው ትዕግሥቱ አለቀና ተኮሰ። ከጉራች ሆድ ጭድ ቦነነ። አንደኛው ሳቁ አመለጠው፤ የሰውዬው ፊት ግን ጠቆረ። ዘለው ሲገቡ ካሱ ጀምሮ የተወውን ቁርስ ብቻ አገኙ።

እኔንና እትዬ ዘሃራን ነድተው ቀበሌ ወሰዱን። ጉራችንም ጎትተው አመጡት።

«ይሄን የሠራሽው ለተንኮል ነው?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ስለምወደው ነው።»

«ውሻ ሞልተሽ ስታስቀምጪ አታፍሪም?»

«አላፍርም» አልኩት።

ወደ እትዬ ዘሃራ ዞረ። «አንችስ ትልቅ ሴት፣ የሞተ ውሻ ይናከሳል ብለሽ ትዋሻለሽ?»

እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ውሻው ሞተ ብሎ ያረዳኝ የለም» አሉ። «እናንተስ ልጄ ሞተ ብላችሁ መቼ አረዳችሁኝ? መርዶ ታልመጣ የሞተ የለም ብዬ ነው።»

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። ሰውዬው እንኳ ወደ በሩ ዞረ። እሳቸውን ወዲያው ወደ ቤት ሰደዷቸው። እኔን አሰሩኝ፤ ጉራችን ግቢው ውስጥ አቃጠሉት። ጭሱ እስር ቤቱ ድረስ ሲገባ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። ይስሙኝ ብዬ ነው።

ከቀናት በኋላ ስፈታ የእትዬ ዘሃራ ደጅ በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ቀበሌውን ሳይጠብቁ ለሰይድ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ያ አንካሳ ሆኖ የተመለሰው ቁስለኛ አጠገባቸው ነበር። ሲያዩኝ ምንጣፉን መታ መታ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

«ነይ፣ ለሰይድ አልቅሺልኝ» አሉኝ። «ስትጨርሺ ለውሻሽም አልቅሺ። ማንም አይከለክልሽም።»

ካሱ ደርግ እስኪወድቅ ዞብል ተደብቆ ተረፈ። ዛሬ የልጆች አባት ነው። እትዬ ዘሃራ አርፈዋል፤ የሰይድ አስከሬን ሳይመጣ ቀረ። እኔ ያን ጊዜ ላለቀስኩት ለአንዱም ይቅርታ አልጠይቅም። ዛሬም ጉራች ቢሞትብኝ ጭድ አላጣም፤ አንገቱን ግን ቀና አድርጌ ነው የምሰፋው።