ቀድማ የምትነሳ እጅ

ታላቅ ወንድሜ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሶል ሲያጣብቅ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ቤት ሲገባ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «እኔን ያጋቡኝ ከሰው ሳይሆን ከማስቲሽ ቆርቆሮ ጋር ነው» ትለው ነበር። እሷ ስትሞት ጓዜን ጠቅልዬ እሱ ጋ ገባሁ።

ከሥራው ሌላ የነበረው ነገር ፓርቲው ነው። የፋብሪካው አባላት በምግብ አዳራሹ ይሰበሰባሉ። ነገሩ ግን አስቀድሞ በየማሽኑ ሥር ተመክሮበት ያለቀ ነው። ሰብሳቢው «የምትደግፉ» ሲል ወንድሜ ከፊት ወንበር እጁን ያወጣል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ እሱን አይቶ ያወጣል። በዚህ የተነሳ «ባንዲራው» አሉት። ይኮራበት ነበር።

ከዚያ የነፃ ንግድ ስምምነቱ መጣና ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ። ላይ ካሉት ግማሾቹ «ይፈረም፣ ዕቃ ይረክሳል፣ እኛም ቆዳችንን እንሸጣለን» አሉ። ግማሾቹ «ያለ ቀረጥ የሚገባ ጫማ የራሳችንን ሠራተኛ ሜዳ ላይ ይጥላል» አሉ። መስማማት ሲያቅታቸው እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ድምፅ ይስጥ ተባለ። እኔ ትምህርቴን በልጅነቴ ነው ያቋረጥኩት፤ የትኛው ልክ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። የማውቀው የቤታችንን ነው።

ከወንድሜ ጎን የሚሠራ፣ ቀውላላው የሚሉት ጓደኛው እየመጣ ይጨቀጭቀው ጀመር።

«ስማ ባንዲራው፣ በዚህች ጉዳይ እጅህ ከጭንህ እንዳትነሳ። የክፍላችን ሰው የሚያየው አንተን ነው።»

«አትነሳም አልኩህ እኮ! እኔስ እንጀራዬ አይደለም እንዴ?»

«ማልልኝ።»

«የሚስቴ አፅም ይፋረደኝ፣ አልደግፍም።»

የስብሰባው ቀን ሰብሳቢው እንደ ወትሮው «የምትደግፉ» አለ። የወንድሜ እጅ ወጣች።

«እኔ አላወጣኋትም» አለኝ በኋላ። «ቀና ስል አየር ላይ ናት። ላውርዳት ብዬ ዞር ስል ከኋላዬ ያለው ሁሉ አውጥቷል። ምን ልበል? ተሳሳትኩ ልበል፣ በዚህ ዕድሜዬ?»

ቀውላላው ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ቅርንጫፉ ደገፈ፤ ስምምነቱም ተፈረመ። በእነሱ ድምፅ ይሁን አይሁን ማንም አይነግረኝም። ርካሹ ጫማ ገባ። ፋብሪካው አንድ ክፍል ዘጋ፣ ሌላ ዘጋ፣ በመጨረሻ በሩ ላይ ሰንሰለት ተጠመጠመ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ቀኝ እጁን ከታፋው ሥር አድርጎ ነው የሚቀመጠው። በጠራራ ፀሐይ፣ ቤቱ ጭር ባለበት፣ ድንገት ዞር ይላል።

«ምን ሆንክ፣ ጋሼ?»

«ወንበር ሲንቀሳቀስ አልሰማሽም? ተቀምጠዋል እኮ።»

«የት?»

«ከኋላዬ።»

ወንበሩን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩለት። አሁንም ይዞራል።

ከስንት ጊዜ በኋላ ቀውላላው በሩን አንኳኳ። ከውጭ የመጣውን ጫማ በፌስታል ይዞ እያዞረ ይሸጣል። ውኃ ሰጠሁት፤ ሳይጠጣ ያዘው።

«አንድ ነገር ንገረኝና ልሂድ» አለው። «ገዝተውህ ነው ወይስ አምነህበት?»

እጄ ናት በለው፣ በለው አልኩ በሆዴ። ወንድሜ ግድግዳውን አንዴ ዞር ብሎ አየና «አምኜበት ነው» አለ።

ቀውላላው በረጅሙ ተነፈሰ። «በል እሺ። ይኼ ይሻላል።» ውኃውን ጠጣና ሄደ።

«ለምን ዋሸኸው?» አልኩት።

«እውነቱን ብነግረው ይስቅ ነበር። ስቆ ይቅር ቢለኝ የት እገባለሁ፣ እህቴ?»

በቀደም ቀውላላው ገበያ አገኘኝ። «ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ» አለኝ። «ባንስማማም አቋም ያለው ሰው ነው።»

እሺ አልኩት። ሰላምታውን ግን እስካሁን አላደረስኩም።