የኔታ ሼንግ ያስቀሩት እጅ

ዱ ሱዠን ተጠራጣሪ ነበረች። ጎመን ስትገዛ የላዩን ቅጠል ገልጣ መሀሉን ታያለች። ኮምጣጤ ስትገዛ አሽትታ፣ ቀምሳ፣ ቀጥሎም የሻጩን ፊት አይታ ነው። ባሏ፣ ደጉ ሰውዬ፣ "ኧረ አፌን እንኳ ሳልከፍት እንዴት ዋሸሁ!" ይላታል። ስትተኛ እንኳ አንድ ዓይኗ ገርበብ እንደሚል የሚምለው እሱ ነው። ለእሷ መጠርጠር እንደ ቤት መጥረግ ነበር፤ አንድ ቀን ከተተወ ይከማቻል።

እውነትም ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከልጅነቷ ጀምሮ የሠራችበት የካይፈንግ ከተማ ክር ፋብሪካ የተዘጋ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ወጥቶ "ማሽኖቹ ሊጠገኑ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ" አለ። ሱዠን አንገቱ ላይ ያለውን ላብ አየችና የሻይ ኩባያዋን፣ ሽርጧንና ነጠላ ጫማዋን ጠቅልላ ወጣች። ጓደኞቿ ሳቁባት። ያ ሳምንት እስከ ዛሬ አልመጣም፤ የእነሱ ኩባያዎች እዚያው ተቆልፎባቸው ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ ባሏ ሳንባውን ታመመና ቤት ዋለ። እሷም ሽማግሌው ሼንግ ዘንድ ሄዳ የማሸት ሙያ ለመማር እንደ ደንቡ ተንበረከከች፣ ሻይ በሁለት እጇ አቀረበች፣ ተቀበሏት። ተማሪዎቻቸው የኔታ የሚሏቸው እኚህ ሰው ዓይነ ስውር ወጌሻ ናቸው፤ በምዕራቡ በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ወገብና አንገት ሲያሹ ኖረዋል። ይህ ሙያ ካልሆነላት ሱዠን ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም። ይህንን እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ። እሳቸው ማወቃቸው ነው ያሳሰባት።

የኔታ በመጀመሪያው ቀን ሩዝ የተሞላ ከረጢት ጠረጴዛ ላይ አኖሩላት።

"ክርን ይውደቅ፣ አንጓ ይወዛወዝ፣ አውራ ጣት ይቀመጥ" አሏት። "አትጫኚ። ዓይንሽንም ጨፍኚ።"

"ዓይኔን ለምን?"

"እኔ ሳልመርጥ ጨፈንኩት፤ አንቺ መርጠሽ ጨፍኚው።"

አልጨፈነችም። የማያየው ሰው ምን ያውቃል ብላ ከረጢቱን ዓይኗን አፍጥጣ ታሸው ጀመር። ክረምቱ አለቀ፤ መንገድ ዳር ያሉት ዛፎች አቆጠቆጡ፤ እሷ አሁንም ከረጢት ላይ ናት። ሩዙን ቀቅለው ቢበሉት ይሻል ነበር።

በዚህ መሀል የየኔታ የወንድም ልጅ ዳፔንግ መጣ። እሱም ዓይነ ስውር ነው፤ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የወጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀልደኛ። በመጣ በማግስቱ ክፍሏን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ደንበኛ ሲያሽ ተሰማ።

"እትዬ ሱዠን፣ ከረጢቱ ወገቡ ተሻለው?" ይላታል እየሳቀ።

"ላንተ ምላስ መድኃኒት እስክናገኝ ይታገሥ" ትለዋለች። በሆዷ ግን ነገሩን ያዘችው። ሥጋ ለሥጋ ነው፣ አለች። እኔን ከረጢት ላይ አስቀምጠው ሙያውን ለዘመዳቸው ያወርሳሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። የኔታ ግራ እጃቸውን ከሰፊው እጅጌያቸው አያወጡም። በቀኝ ይበላሉ፣ በቀኝ ሻይ ይቀዳሉ። ወደ መጋረጃው ጀርባ ሲገቡ ግራ እጃቸው ምን እንደሚሠራ ያየ የለም።

ይህንን ለእትዬ ማ ነገረቻት። እትዬ ማ በመንገዱ ጥግ የበግ ሾርባ የምትሸጥ መበለት ናት፤ ከሾርባዋ ወሬዋ ይበልጥ ይፈላል።

"አንቺ ልጅ፣ ተላላ ነሽ እንዴ?" አለች ጭልፋዋን አንስታ። "ድመቷ ነብሩን ሁሉን ነገር አስተማረችው፣ ዛፍ መውጣቱን ግን አስቀረችበት። ለምን? ነብሩ ሊበላት ሲመጣ ዛፍ ላይ ልታመልጠው! ተማሪ ሲሠለጥን መምህር ይራባል። ሁሉም መምህር አንድ እጅ ያስቀራል።"

የሙያውን ጫፍ ይደብቃል ለማለት ሰዉ ሁሉ የሚለው አባባል ነው። ሱዠን ግን የዚያን ቀን ሌላ ነገር ሰማችበት። አንድ እጅ። ግራው! የቀረላትን ሾርባ ሳትጨርስ ተነሣች።

ከዚያ ወዲያ መጋረጃው ሥር ስትጠርግ መጥረጊያው ቶሎ አይጨርስላትም። አንድ ከሰዓት መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አደረገች። የኔታ አንድ ከሰል ጫኝ ሰውዬ ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ ጀርባቸው ወደ እሷ ነው። ቀኝ አውራ ጣታቸው ከሰውዬው አከርካሪ ጎን ተቀምጧል። ግራው አይታያትም። ሰውዬው ጥርሱን ነክሶ አቃሰተ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወገቡን እንደ ልጅ አዟዟረ። ሱዠንም ደመደመች፤ ያ ሁሉ "አትጫኚ" ማታለያ ነው፣ ሚስጥሩ ጉልበት ነው፣ በግራውም ይደግሙታል።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ማ አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆባት ነበር። ሱዠን "ነይ፣ እኔ ላድንሽ" አለቻት። ከሾርባው ድስት ጎን በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት፤ በሁለቱ አውራ ጣቶቿ የፋብሪካ ዕድሜዋን ሁሉ ጨምራ ተጫነች።

የእትዬ ማ ጩኸት ሰልፍ ይዘው የነበሩትን በላተኞች በተነ።

"ገደልሽኝ! አንገቴ እኮ ነው፣ የበግ ቅልጥም መሰለሽ!"

አንገቷ አልዳነም፤ በልዞ አደረ። የሱዠን ግራ አውራ ጣት ደግሞ ከሥሩ አብጦ አልታጠፍ አለ። ደነገጠች። ጣት የሌለው ወጌሻ ምን ይባላል? ከፋብሪካ ወጥታ ወደዚህ መጣች፤ ከዚህ ወጥታስ? ማታ ቤት ገብታ የባሏ ሳል ሲሰማት ስለ ጣቷ ምንም ሳትነግረው ቀረች።

በማግስቱ ወደ የኔታ ስትሄድ ግራ እጇን ከኪሷ አላወጣችም። ሽማግሌው አያዩም ብላ ተስፋ አድርጋለች። ከረጢቱን በአንድ እጇ ማሸት ጀመረች።

"ሁለተኛው ድምፅ የት ሄደ?" አሉ የኔታ።

"የምን ድምፅ?"

"የሩዙ። በሁለት እጅ ሲታሽ ሁለት ድምፅ አለው። እጅሽን አምጪ።"

ሰጠቻቸው። ያበጠውን ጣት ሳይጫኑ ዳሰሱት። ፊታቸው ተለወጠ፤ ቁጣ ትጠብቅ ነበር፣ ያየችው ግን ፍርሃት ነው። ዳፔንግን ሾርባ አምጣ ብለው ላኩት። በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

"ማን ላይ ነው?"

"እትዬ ማ ላይ። በመጋረጃው አይቼ…" ከዚያ ንዴቷ አመለጣት። "ምን ላድርግ! ለዳፔንግ ሰው፣ ለእኔ ከረጢት! የሚያስቀሩት እጅ እንዳለ አውቃለሁ። ሁልጊዜ እጅጌዎ ውስጥ ነው። እኔ ሞኝ አይደለሁም!"

የኔታ ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው።

"ዳፔንግ ከረጢቱን ትምህርት ቤት ጨርሶት ነው የመጣው። አንቺ ግን ዕድሜሽን ሙሉ የተበጠሰ ክር ስትቋጥሪ ኖረሻል። ጣትሽ መጭመቅ እንጂ መቀመጥ አያውቅም። እሱን ነው የማስረሳሽ።" ግራ እጃቸውን ከእጅጌያቸው አወጡ፤ ከረጢቱ ላይ አኖሩት። "ያስቀረሁት እጅ ይኸውልሽ። እዪው።"

አውራ ጣቱ ከሥሩ ጎብጦ ደርቋል። መዳፉ ላይ የተኛ የሞተ ነገር ይመስላል።

"እኔም ከረጢት ሰለቸኝ" አሉ። "መምህሬ የደበቀኝ ነገር አለ ብዬ ወጣሁ። በሕዝብ መታጠቢያ ቤት በጉልበት ሳሽ ከረምኩ። መጀመሪያ ያበጠው እንደ አንቺው ከሥሩ ነው። የራሱን ጣት ያልጠበቀ ወጌሻ ጋ ማን አንገቱን ይሰጣል? ለዚህ ነው የምደብቀው። ዳፔንግም አያውቅም።"

ሱዠን አፈረች፤ ለረጅም ጊዜ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ደግሞም ልማድ ነውና፣ ይህስ እውነት ይሆን ብላ ጣቱን ጠጋ ብላ አየችው።

"ዓይን አይበቃሽም" አሉ የኔታ። "በደህናው እጅሽ እሺው። ከከረጢቱ ቀጥሎ ይሄ ነው።"

ክርኗን ጣለች። አንጓዋ ተወዛወዘ። አውራ ጣቷን ከደረቀው ጣት ሥር አስቀመጠች እንጂ አልተጫነችም። ከዚያ፣ በር ሳትመለከት፣ መጋረጃ ሳትመለከት፣ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፈነች።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆየት ብሎ ከቆዳው ሥር አንድ ትንሽ ነገር ተሰማት፤ በፋብሪካው እየሮጠ ባለ ክር ላይ በጣቷ የምታገኘው ዓይነት ቋጠሮ።

"እዚህ ጋ ያማል?" አለች።

"አያምም።"

ከጣቷ ሥር ሥጋው ሸሸት አለ።

"ዋሹኝ፣ የኔታ።"

ሽማግሌው እጃቸውን አልሳቡም።

"ጣትሽ ሲሻልሽ" አሉ፣ "እትዬ ማን ጥሪያት፤ አንገቷን አንቺ ታሺዋለሽ።"