አረንጓዴው «ቀኝ!»

እየሩስን የሚያውቅ ሁሉ ፈሪ አይላትም። ደባርቅ አድጋ፣ ጎንደር ኮምፒዩተር ተምራ የተመለሰች፣ ምላሷ የሚቆርጥ ልጅ ናት። በማኅበራችን ቢሮ አጠገቧ የምቀመጠውን እኔን ልደቱን በቀን ሦስቴ ትሰድበኛለች።

ሥራዋ ለበቅሎ ነጂዎችና ለአስጎብኚዎች በስልክ የሚጠና ትምህርት ማዘጋጀት ነው። እሷ ሥዕሉን ትጭናለች፣ ጥያቄውንም ትጽፋለች፤ የቀረውን ሶፍትዌሩ ይጨርሰዋል። ተማሪው ትክክለኛውን መልስ ሲነካ አረንጓዴ ይበራል፣ ሲሳሳት ቀይ። ሰሞኑን ሶፍትዌሩ እንግሊዝኛውን ትቶ አማርኛ ጀመረ ብላ ስትፈነጥዝ፣ «ካንቺ የተሻለ ሳይናገር አይቀርም» ብዬ አሾፍኩባት።

ሰኞ ጠዋት አዲሱን ትምህርት በነባሩ አስጎብኚ በጋሽ አገኘሁ ስልክ ላይ ጫነችለት። «ጭጋግ ቢይዝዎ፣ አፋፉ ላይ ካለው መንታ መንገድ በየት በኩል ይሄዳሉ?» ይላል። መልሱ ግራ ነው፤ በቀኝ ገደል አለ። ጋሽ አገኘሁ «መንገድ ላይ አጠናዋለሁ» ብሎ ሁለት እንግዶች ይዞ ወጣ።

አራት ሰዓት ላይ እየሩስ ራሷ ሞከረችው። «ግራ» የሚለውን ነካች። አረንጓዴ በራ፤ በትልቁ «ቀኝ!» የሚል ወጣ። ቀድሞ በእንግሊዝኛ ይወጣ የነበረው «ራይት» ትክክልም ቀኝም ማለት ነው፤ ሶፍትዌሩ ሲተረጉም ቀኙን መርጧል።

ክው አለች። በመስኮት ብናይ ጭጋጉ ተራራውን ውጦታል። ደወለችለት፤ ስልኩ አይሠራም። ደግማ ደወለች።

«ገደልኩት ልደቱ።»

እኔም ፈርቼ ነበር። ፈላጊ ሰዎች ላክንና ከተማው መውጫ ላይ ቆመን ጠበቅን። እመቤታችንን ስትለምን እሰማታለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ አገኘሁ እንግዶቹን ይዞ መጣ። ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ጋሼ፣ በየት በኩል ሄዱ?»

«በቀኝ ነዋ ልጄ። ሠላሳ ዓመት በግራ ሄጃለሁ። ያንቺ ትምህርት ቀኝ ሲለኝ ጊዜ፣ ለካስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ። ኋላ ነገሩ ቢከብደኝ ጠጠር ወረወርኩ፤ ሲያርፍ አልሰማሁም። ተመለስን።»

እያለቀሰች ስህተቱን አስረዳችው። ጋሽ አገኘሁ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት።

«በይ እንግዲህ ትክክለኛውን ጫኝልኝ። አንቺ ባልሽው ነው የምሄድ።»

እየሩስ እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።