የአንዲት ደቂቃ ልቅሶ

ጽዮን አፍንጮ በር፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ያደገች ልጅ ናት። እናቷ የሺ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ላስቲክ አንጥፋ ካልሲ ትሸጣለች። አባቷ የሞተው ጽዮን ሰባት ዓመት ሳይሞላት ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ሌሎች የልጅቷ ታሪክ በሙሉ ይኸው ነው ስላሉ ነው።

ዐሥረኛ ክፍል ሳለች ጽዮን የሚያስቅ የፍቅር ልብ ወለድ ትጽፍ ነበር፣ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር። ታሪኩ የአንዲት የታክሲ ረዳት ነው። ረዳቷ የምትወደው ትራፊክ ስሙ ፍቅሬ ይባላል። ፍቅሬ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ በተቀበለ ቁጥር ልጅቷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ፍቅሬ፣ በናትህ መልስልን» ማለት አለባት። ተሳፋሪው የተኳረፉ ፍቅረኞች እየመሰሉት ሊያስታርቃቸው ይወርዳል። አንዱ ደብተር ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፤ ክፍል ውስጥ ተራ ጠብቀው የሚያነቡ ነበሩ። የሒሳብ መምህሩ አንዱን ደብተር ቀምቶ ሳምንት ካቆየው በኋላ፣ ሲመልስላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጣዩ የት እንዳለ ጠይቋታል።

እስጢፋኖስ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ነው። አምስት የአራዳ ወጣቶችን «በራሳቸው አንደበት» ማሳየት እንደሚፈልግ ለትምህርት ቤቱ አስረዳ፤ የሒሳብ መምህሩም ጽዮንን ጠቆመለት። ሦስት ሳምንት ተከተላት። ምዕራፍ በምዕራፍ አነበበችለት፤ ካሜራ የያዘው ሰውዬ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረ ሁለት ጊዜ እንደገና ቀርጸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እስጢፋኖስ ስለ አባቷ ጠየቃት። አባቷም ቀልደኛ እንደነበር ስትነግረው አለቀሰች። ደቂቃ አይሞላም። ፊቷን ጠርጋ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች።

ፊልሙ የተመረቀው ፒያሳ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የክፍሏ ልጆች በሙሉ ተጠርተዋል። የሺ ለፋሲካ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች።

የጽዮን ድርሻ ሰባት ደቂቃ ነበር። ዝናብ፣ የሚያፈስ ጣራ፣ ካልሲ የሚያጥፍ የእናቷ እጅ፣ ዋሽንት። ከዚያ ልቅሶው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያው ልቅሶ። ሳቅ የሚባል ነገር የለም። ደብተሩ ታየ፤ የሚተርከው ድምፅ ግን «ጽዮን ለማንም የማትነግረውን ሐዘን በዚህ ማስታወሻ ላይ ታፈስሳለች» አለ። የሚታየው ገጽ ፍቅሬ ረዳቷን አይቶ ደንግጦ፣ ክሱን በራሱ ስም የጻፈበት ገጽ ነው። አንብበውት የነበሩት ጓደኞቿ እርስ በርስ ተያዩ።

መብራት ሲበራ አንዲት ሴት ወደ የሺ ጎንበስ ብላ፣ የልጆቿ አሮጌ ልብስ እንዳለና ወዴት እንደምታመጣላቸው ጠየቀቻት። የሺ የአዲስ ቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች። ጽዮን ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። አስተያየት ተጀምሮ ማይክ ሲዞር ተቀበለች። ደብተሩ ልብ ወለድ መሆኑን፣ የሚያስቅ መሆኑን፣ የተባለውን ነገር አንድም ቀን እንዳልተናገረች አስረዳች። በንዴት ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። መድረክ መሪው ለጀግንነቷ አመሰገናት። ሰው አጨበጨበ፤ ዐይኑን የሚጠርግም ነበር። የሰማት የለም።

የባሰው ቤት ጠበቃት። የሺ የተማረችው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ደብተሮቹን የትምህርት ናቸው ብላ ነበር የኖረችው። ልጇ በማይክ ካለችው ይልቅ ፊልሙን አመነች። ሁለት ቀን ሙሉ ልጇን በስስት ስታያት፣ ከራሷ ድርሻ እያነሳች ስታጎርሳት፣ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰነበተች። በመጨረሻ «ይህን ሁሉ ችለሽ ኖሯል ለካ» አለቻት። ጽዮን የምር የተቆጣችው ያኔ ነው። ሰውየው የፈጠረው ውሸት ቤቷ ድረስ ገብቶ እናቷን አስለቅሷል።

በማግስቱ ከገበያ መልስ እናቷን አስቀምጣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበችላት። የሺ ፊቷን አልፈታችም። ከዚያ የረዳቷ እናት መጣች፦ ካልሲ ነጋዴ፣ ደንብ አስከባሪ ሲያሯሩጣት ላስቲኳን ጠቅልላ እየሮጠች፣ ከኋላዋ ከሚሮጥ ገዢ ጋር ዋጋ የምትከራከር።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«እንዲህ ነው የምሮጠው?»

የሺ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ግን ፊቷ ጠቆረ። ነጠላዋን አነሳችና የዚያ ሰውዬ ቢሮ የት እንደሆነ ጠየቀች።

እስጢፋኖስ በአክብሮት ተቀበላቸው፤ ሻይ አዘዘላቸው። ጽዮን የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፤ ትረካው እንዲወጣና ሳቁ እንዲገባ። እሱ በትዕግሥት አስረዳት። ፊልሙ ለውድድር የሚላክባቸው ቦታዎች እንዳሉ፣ ቀልድ እዚያ ያለውን ተመልካች እንደማይነካው ነገራት። ልቅሶዋም የፈጠራ እንዳልነበረ አስታወሳት።

«ሳቁም የፈጠራ አልነበረም» አለችው። «እሱን ይስጡኝ።»

እስጢፋኖስ የቀረጻ ማስቀመጫ ቦታ ስለጠበባቸው የማያስፈልገው መደምሰሱን ተናገረ።

እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ስትለው የነበረችው የሺ ተነሳች። «አንተ፣ ልጄ ሦስት ሳምንት የሳቀችውን ጥለህ፣ አንዲት ደቂቃ ያለቀሰችውን አስቀመጥክ? ልጄን ከዚህ ነገር አውጣልኝ። የእኔንም እጅ አውጣልኝ።» ሻዩን ሳይነኩት ወጡ።

ሦስት ጊዜ ተመላልሰው የጽዮንን ድርሻ ከፊልሙ አስወጡ። ፊልሙ አሁን የአራት ወጣቶች ነው። አንዳንድ መምህራን ዕድሏን በገዛ እጇ ዘጋችው አሉ። ይቅርታ የጠየቃት ሰው ግን አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ አንድ የሚያስቅ መስመር መጻፍ አቃታት፤ ስትቀልድ የሚያያት ሁሉ ከቀልዷ ጀርባ እንባ የሚፈልግ እየመሰላት ብዕሩን ትወረውረዋለች።

ዘንድሮ ሃያ ዓመቷ ነው። ልብ ወለዱን ጨርሳ በኮምፒውተር አስጽፋዋለች። ዐፊፋ የምትባል፣ ለዩቲዩብ ተከታታይ ድራማ የምትሠራ ወጣት አንብባው በአምስት ክፍል ልትሠራው ጠየቀቻት። ጽዮን ውሉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ካልገባ አልፈርምም አለች፤ ቀረጻው ተቆርጦ ሲቀናበር አብራ እንድትቀመጥ የሚል። ዐፊፋ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም፤ ሁለት ሳምንት ተጨቃጭቀው ተስማሙ።

አሁን በየቀኑ ከኮምፒውተሩ ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዐፊፋ አንድ ነገር ቆርጣ ባወጣች ቁጥር ጽዮን ለምን እንደወጣ ትጠይቃለች፤ መልሱ ካላሳመናት እንደገና ታስከፍታለች። ትናንት በአንዲት የታክሲ ጥል ላይ ብቻ ሦስት ሰዓት ፈጅተዋል። ዐፊፋ ደክሟት «አንቺ ቁጡ ነሽ» አለቻት። ጽዮን አልካደችም።